ከሰይቸንቶዬ ስለጎደለው ሃያ አራት ኪሎና ስለማላወልቀው ቀበቶ

ለአሮጌ ተሽከርካሪዎች ምርመራ ቁጥር ሁለት ጣቢያ
ለክቡር የጣቢያው ኃላፊ
አስመራ

ማክሰኞ፣ ጥር 24 ቀን 2012 (እ.ኤ.አ.)

ጉዳዩ፦ የተያዘብኝ ታርጋ ከሐሙስ በፊት እንዲመለስልኝ፣ የመኪናዬ የወንበር ቀበቶዎች ባሉበት እንዲጸኑ፣ እንዲሁም የጎረቤቴ የአሸዋ ከረጢት እንዲመለስ ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች ወይዘሮ ለተንስኤ ዕቝባዝጊ፣ የስልሳ ሦስት ዓመት ሴት፣ በጫማ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ወፍራም ቆዳ ስሰፋ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ከአባቴ የወረስኳት የ1961 ስሪት ሰይቸንቶ ባለቤትም ሹፌርም ነኝ። ይህችን ትንሽ መኪና ጣቢያው በሚገባ ያውቃታል። ላለፉት አሥራ አምስት ቀናት ታርጋዋ በክቡርነትዎ መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፤ እሷ ደግሞ ደጄ ላይ ራቁቷን ቆማለች።

2. ነገሩ ለምን እንደሚያስቸኩለኝ አስቀድሜ ልናገር፤ አቤቱታ የሚያነብ ሰው መጨረሻው ድረስ እንደማይዘልቅ ከልምድ አውቃለሁና። ልጄ ዳናይት ያለችው ምጽዋ ነው፤ ባሏ ወደብ ላይ ክሬን ያንቀሳቅሳል። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ይህን ሕግ እኔ አላወጣሁትም፤ ከመኪናዋም፣ ከጣቢያውም በፊት የነበረ ነው። ሐኪሟ «ከዚህ ሳምንት ወዲያ ዳገት የለም» ብሏታል። አውቶቡስ አለላት የሚሉኝ አሉ። አለ። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ቀበቶ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሹፌሩን ሱሪ ይዟል። ልጄም በስልክ ያለችኝ አጭር ነው፦ «ማማ፣ ባባ ጥርሱን በተወበት መንገድ ሳልታሰር አልወጣም።»

3. ጥርሱን በተመለከተ። ባለፈው ጥቅምት ከባለቤቴ ከአቶ ዘርእሰናይ ምሕረትኣብ ጋር ወደ ምጽዋ ስንወርድ፣ ነፋሲት ከመድረሳችን በፊት ባሉት ጠመዝማዛዎች ላይ የዝንጀሮ ቤተሰብ መንገድ ያቋርጥ ነበር። ፍሬን ያዝኩ። ፍሬኑም ያዘ። መኪናዋ ቆመች፤ እኔም መሪውን ሙጭጭ ብዬ ቆምኩ። ባለቤቴ ግን ከነወንበሩ ጉዞውን ቀጠለ። ወንበሩን ከወለሉ ጋር ይዞ የኖረው ቡሎን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲዝግ ከርሞ እንደ ደረቀ ዳቦ ተቆረሰ። (ቡሎኑ ከዚህ ማመልከቻ ጋር ተያይዟል፤ እባክዎ ወረቀት ላይ ያስቀምጡት፣ ጠረጴዛ ያቆሽሻል።)

አቶ ዘርእሰናይ አሥራ ሁለት ዓመት በብስክሌት ሲወዳደር፣ በዚያው ቁልቁለት ሰባት ጊዜ ወድቆ አንድም አጥንት ያልተሰበረበት ሰው ነው። በሰላም ተቀምጦ ሳለ ትከሻው ተሰበረ፤ ሁለት የፊት ጥርሶቹም ዳሽቦርዱ ላይ ቀሩ። ደም እየተፋ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል «ፍሬኑስ ጥሩ ነው» የሚል ነበር። ትልቁ ዝንጀሮ ዞር ብሎ አየን። እሱ እንኳ ልጆቹን በእናቶቻቸው ሆድ ላይ አጣብቆ ነበር ያሻገረው።

4. ከዚያ ቀን ወዲህ በእኔ መኪና ውስጥ ያልታሰረ ሰው እንደማይቀመጥ ቃል ገባን። ሰይቸንቶ የተሠራችው የወንበር ቀበቶ የማንም ሐሳብ ባልነበረበት ዘመን ስለሆነ ከባዶ መጀመር ነበረብን። ጅዳ ያለችው እህቴ «ምን ልላክልሽ?» ስትለኝ፣ «አራት የወንበር ቀበቶ» አልኳት። «ሰው ሽቶ ያስልካል፣ አንቺ ጠፍር!» ብላ ስትስቅ ቆይታ፣ ከነማኅተማቸው አዳዲሶቹን ላከችልኝ።

ቀበቶውን ይዘን መደበር የብረታ ብረት ገበያ ወዳለው በያጅ፣ ወደ ሳልሕ እድሪስ ሄድን። ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን አየና «አደይ ለተንስኤ፣ እናቴ፣ ይሄ ወለል አይደለም፣ ወንፊት ነው። እኔ ወንፊት ላይ ሰው አላስርም» አለ። ስለዚህ ዝገት የበላውን ቆርጦ ጣለ፤ ከስር ወፍራም ላሜራ በየደበት፤ በሮቹ መካከል ያሉትንም ምሰሶዎች በውስጥ በኩል አጠነከረ። እያንዳንዱ የፊት ወንበር በአራት ቡሎን ታሰረ፤ ቀበቶዎቹም በየራሳቸው ቡሎን ከላሜራውና ከምሰሶው ጋር ተያዙ። ሲጨርስ የሞተር ማንሻውን ሰንሰለት ከቀበቶው ጋር አገናኝቶ ጎተተ። መኪናዋ በአንድ ጎኗ ከመሬት ተነሳች፤ ቀበቶው ንቅንቅ አላለም። ሳልሕ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ከእንግዲህ የሚነቀለው አስፋልቱ ነው» አለን።

5. ወንበሮቹን የሠራው ግን ባለቤቴ ነው፤ ጥፋት ከተባለም ጥፋታችን እዚህ ላይ ነው። ለብስክሌተኛ ወንበር ሥራ አይባልም። ሌላው ሰው ወንበር ቢሠራ የሚቀመጡበትን ይሠራል፤ ዘርእሰናይ የሚሠራው ዳገት የሚወጡበትን ነው። «ዳገት ላይ እያንዳንዷ ግራም ስምህን ጠርታ ትሰድብሃለች» ይላል። በዚህ እምነቱ የተነሳ የቤታችን የምግብ ጠረጴዛ መስኮት ሲከፈት ቦታውን ይለቅቃል።

የአሮጌዎቹን ወንበሮች ሞላና ብረት ትቶ፣ ከውድድር ብስክሌቶች ቱቦ አዲስ አጥንት አበጀላቸው። እኔ በላዩ ወፍራም ሸራ ወጥሬ በስድስት ረድፍ ስፌት ሰፋሁት። አሮጌው የፊት ወንበር አሥራ ሰባት ኪሎ ተኩል ነበር፤ አዲሱ ስምንት ነው። በአንድ እጄ አንጠልጥዬው ገበያ ደርሼ ልመለስ እችላለሁ። ስቀመጥበት ግን ጀርባዬን ይይዘኛል፣ አይንቋቋም፣ አይወዛወዝም። የኋላውም እንደዚያው ቀለለ። ሰይቸንቶዋ ድሮ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች የምትወጣውን ዳገት አሁን በሦስተኛ ትወጣዋለች።

6. ጥር 9 ቀን ለዓመታዊው ምርመራ ቀረብን። መብራት አለፈ። ፍሬን አለፈ። መሪና ጎማ አለፉ። ከዚያ ሚዛን ላይ ወጣች። ሊብሬው 585 ኪሎ ይላል፤ ሚዛኑ 561 አለ። መርማሪው አቶ ባይሩ ፍስሓጽዮን መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉ። የተባባልነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አቀርባለሁ፤ በእኛ ቤት የሚቀንሰው ባለቤቴ ብቻ ነው።

«አቦይ ዘርእሰናይ፣ መኪናዋ ሃያ አራት ኪሎ ጎድላለች።»

ባለቤቴ ይህ ክስ መሆኑን አላወቀም። ብስክሌተኛ በዕድሜው ሊሰማው ከሚመኘው ምስጋና ሁሉ የበለጠው መሰለውና፣ የመርማሪውን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ሃያ አራት ብቻ? እኔ እኮ ሠላሳ ቆጥሬ ነበር! ስድስቱን ላሜራውና ቀበቶው ናቸው የበሉን።»

«የት አደረሳችሁት ነው የምለው!»

«ጣልነዋ! ወንበሩ ጎን ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች አይተውልኛል? እኔ ነኝ የበሳኋቸው። ምንም በማይሸከምበት ቦታ ብረት ምን ይሠራል?»

አቶ ባይሩ «የተበሳሳ» ብለው ጻፉ። ባለቤቴ አንገቱን አስግጎ አነበበና «ስንት ቀዳዳ እንደሆነም ይጻፉ» አላቸው።

ጣቢያው ሃያ አራት ኪሎ መኪና ገንጥለን ሸጠናል ብሎ ጠርጥሮ ከሆነ፣ አሮጌዎቹ ወንበሮች ግቢዬ ውስጥ ናቸው፤ ዶሮዎቼ ተቀምጠውባቸዋል። መጥቶ መመዘን ይቻላል። ዶሮዎቹ እንዲቀነሱ ብቻ አሳስባለሁ።

7. ቀጥሎ አቶ ባይሩ ቀበቶውን በሁለት ጣታቸው፣ የሞተ እባብ እንደሚያነሳ ሰው አነሱት።

«ይሄስ?»

«ቀበቶ ነው» አልኩ።

«ሊብሬው ላይ ቀበቶ የሚል የለም፣ አደይ።»

«ዝንጀሮ የሚልም የለም፤ መንገዱ ላይ ግን አለ።»

«እኔ ሊብሬው ላይ የሌለውን ማሳለፍ አልችልም።»

«እኔም ልጄን ያለ እሱ በዚያ ጠመዝማዛ ማሳለፍ አልችልም።»

ትእዛዙ በጽሑፍ ተሰጠኝ፦ የጎደለው ክብደት ይመለስ፤ የተጨመረው ቀበቶ ይውለቅ። ታርጋዬም ተፈታ። በሁለት ቡሎን ነበር የታሰረው። እኔ ሰው የሚቀመጥበትን በአራት አስሬ ጥፋተኛ ሆኛለሁ።

8. አሁን ወደ አሸዋው። ስንወጣ ከጣቢያው ሠራተኞች አንዱ እስከ በር ሸኘንና በጆሮዬ «አደይ፣ ምን ያስጨንቅሻል? ለምርመራው ቀን ሃያ አራት ኪሎ አሸዋ ጭነሽ ነይ። አሮጌ መኪና ሁሉ በዝገት ይከሳል፤ ሁሉም በአሸዋ ነው የሚያልፈው» አለኝ። የሰውየውን ስም አልጠየቅኩም፤ ምክሩ ግን አእምሮዬን ነካው። እንግዲህ በዚህች ከተማ ቦሎ ለጥፈው ከሚሄዱት አሮጌ መኪናዎች ውስጥ ስንቱ መኪና፣ ስንቱ አሸዋ እንደሆነ ክቡርነትዎ ያውቁ ይሆናል።

የሆነው ሆኖ እልኸኛ ብቻ ላለመባል ጥር 16 ቀን ምክሩን ፈጸምን። ታርጋ ስለሌላት ጎረቤቶች እየገፉ አደረሱልን፤ ለመግፋት ቀላል ናት፣ ምክንያቱን ጣቢያው ያውቀዋል። ከረጢቱን የተዋስኩት ከጎረቤቴ ነው። ባለቤቴ አሸዋውን ዳናይት በምትቀመጥበት የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠና እንዳይንከባለል በቀበቶው አሰረው። ለእኛም ልምምድ ይሁነን ብሎ፣ የታችኛውን ጠፍር ከሆዱ በታች በዳሌው ላይ፣ የላይኛውን በደረቱ መካከል አሳለፈው፤ እርጉዝ ሴት እንደምትታሰር ማለት ነው። ሚዛኑ 585 አለ። አቶ ባይሩ «ክብደት፦ ትክክል» ብለው ጻፉ። ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው አዩ።

«አሸዋው ይሁን» አሉ። «ቀበቶው ይውለቅ።»

ክቡር ሆይ፣ ይህን ቃል ቀስ ብለው ሁለት ጊዜ እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

«ቀበቶው ከወለቀ እኮ አሸዋው ይወድቃል» አለ ባለቤቴ።

«ይውደቅ። ቢወድቅም ክብደቱ ያው ነው።»

ልክ ናቸው። ቢወድቅም ክብደቱ ያው ነው። የባለቤቴም ክብደት ከዳሽቦርዱ በፊትና በኋላ ያው ነበር፤ ከሁለት ጥርስ በቀር። ከረጢቱም «ማስረጃ ነው» ተብሎ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቀረ።

9. እውነት ለመናገር አቶ ባይሩ ክፉ ሰው አይደሉም። አሸዋው ከወረደ በኋላ፣ ቀበቶው በምን በኩል እንደሚወልቅ ለማየት ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ታጠቁት። ወደ ፊት ተወረወሩ፤ ያዛቸው። «አቦይ፣ እስቲ ከኋላ ይግፉኝ» አሉ፤ ባለቤቴ ገፋቸው፤ ያዛቸው። ሦስተኛ ጊዜ ከሞከሩ በኋላ መነሳቱን የረሱት መሰለኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«አቦይ ዘርእሰናይ፣ ይሄ ነገር ለቮልስዋገንም ይሆናል?»

«የማን ቮልስዋገን?»

«የአንድ ሰው።»

«አንድ ሰው ልጆች አሉት?»

«ሦስት።»

የዚያን አንድ ሰው ማንነት በጨዋነት አልጠቅስም፤ መነጽር ያደርጋል። ባለቤቴ ቱቦ መቁረጥ ጀምሮለታል። አቶ ባይሩ ከወንበሩ ሲነሱ ግን ወደ ቅጹ ተመለሱና «ቅጹን እኔ አልጻፍኩትም፣ አደይ። ኃላፊውን ጠይቂ» አሉኝ። ኃላፊው ክቡርነትዎ ነዎት። እነሆ ጠየቅኩ።

10. ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ እኔ በመርፌ ሥራ ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ አያያዙን አውቀዋለሁና ከስር ልያዘው። ጣቢያው ሊብሬው አይነካም የሚል ከሆነ፣ ሊብሬው ከዚህ በፊት ተነክቷል። አባቴ ሲሞት የእሱ ስም በአንድ መስመር ተሰርዞ የእኔ ተጽፎበታል፤ ያን ጊዜ ብዕር ነበረ። ሰው ሲሞት የሚሰርዝ ብዕር፣ ሰው እንዳይሞት ለመጨመር ሲሆን ቀለሙ ለምን ይደርቃል? 585 የሚለውን ቁጥር በ1961 የጻፈው ሰው የጻፈው ያየውን ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፦ ያዩትን ይጻፉ።

ስለዚህ የምጠይቀው፦

ሀ) ታርጋዬ ከነሁለት ቡሎኖቹ እስከ ነገ ረቡዕ ሥራ መውጫ ድረስ እንዲመለስልኝ፤

ለ) ሊብሬው ላይ 585 ተሰርዞ 561 እንዲጻፍ፣ ከስሩም «አራት የወንበር ቀበቶ» የሚሉ ሦስት ቃላት እንዲታከሉ። ብዕር ካልተገኘ ይዤ እመጣለሁ፤

ሐ) የጎረቤቴ ከረጢት እንዲመለስ። አሸዋውን ጣቢያው ሊያስቀረው ይችላል፤ ተረኛው ባለመኪና ይፈልገዋል።

11. እስካሁን የጻፍኩት ልመና ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን ማስታወቂያ ነው።

ቀበቶው አይወልቅም። ዛሬም አይወልቅም፣ «ለምርመራው ቀን ብቻ» ተብሎም አይወልቅም፤ አንድ ጊዜ ከወለቀ ለአሸዋ የሚበቃ መኪና እንጂ ለልጄ የሚበቃ መኪና አይኖረኝም። ጣቢያው ከፈለገ ሳልሕ እድሪስን ከነሰንሰለቱ አምጥቶ ይሞክር፤ መኪናዋ ትነሳለች እንጂ ቀበቶው አይነሳም። መቀጫ ካለ በእኔ ስም ይጻፍ። ዘርእሰናይ ላይ እንዳይጻፍ፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ያመሰግናችኋል።

ሐሙስ ጥር 26 ቀን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ምጽዋ እወርዳለሁ። ታርጋው ከተመለሰልኝ በታርጋ። ካልተመለሰልኝ፣ መዝገብ ቤትዎ «ተቀብያለሁ» ብሎ ማኅተም የመታበትን የዚህን ማመልከቻ ግልባጭ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ በታርጋው ቦታ ለጥፌ። የኬላው ፖሊስ ያስቆመኝና ያንብበው። ረጅም ነው፤ ታጥቀን እንጠብቀዋለን።

ዓርብ ልጄን ይዤ እመለሳለሁ። ቤቴ ከመግባቴም በፊት በቀጥታ ወደ ጣቢያው ሚዛን እነዳለሁ። ዳናይት ከስምንት ኪሎው ወንበር ላይ ሳትፈታ፣ ጠፍሩ ከሆዷ በታች እንደታሰረ ይመዝኑን። ጎደለ የተባለው ሃያ አራት ኪሎ ያን ጊዜ ተሟልቶ፣ ተርፎም ይገኛል። ትርፉ በማን ስም እንደሚመዘገብ አቶ ባይሩ ከጠየቁ፣ መስመሩን ባዶ ይተዉልን፤ ስም ገና አላወጣንለትም።

ቀበቶዬን እንደታጠቅሁ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ለተንስኤ ዕቝባዝጊ

አባሪ፦
አንድ የዛገ ቡሎን። (ሁለቱን ጥርሶች ባለቤቴ አልሰጥም ብሏል።)

ግልባጭ፦
ለመርማሪ አቶ ባይሩ ፍስሓጽዮን
ለሰይቸንቶዋ፣ ከፊትና ከኋላ